ሦስት ፋይል

ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ መዝገብ ቤት ቆይቼ፣
ስንት ሰው አሳደርኩ በክር አስሬ ዘግቼ።
እዚሁ ሐይቅ ከተማ፣ ከወረዳው ግቢ፣
ቁጥር ሰጪ እኔ ነኝ ለወጪ ለገቢ።
ከሰዓት ከውኃው ነፋሱ ሲነሳ
ድንጋይ እጭናለሁ፣
የሰው ጉዳይ በርሮ መንገድ እንዳይረሳ።

ጦይባ ትመጣለች ሰኞና ሐሙስ፣
ልጇን አንጠልጥላ ቁና ቁና ስትተነፍስ።
ልጅቱ ሰዓዳ፣ የአምስት ዓመት ልጅ ናት፣
ባጃጅ ጡሩንባውን ከኋላዋ ቢነፋ
ዘወር የማትልለት።

ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ «ሐኪም ይይላት» አለ፤
ጤናው ጆሮ አይቶ «መድኃኒት የለውም፣ የመምህር ነው» አለ፤
ሴቶችና ሕፃናት፣ በጀቱ ዘንድሮ በሌላ ዙር ዋለ።
ክፉዎች አልነበሩም። ሦስቱም ወንበር ስበው
«አብሽሪ እናቴ» ብለው ነው የሸኟት፤
የወሎ ሰው አይደሉ፣ ደግ ቃል መች ሊያልቅባቸው።

አብሽር ጥሩ ቃል ነው፤ ሐዘን ቤት ይገባል፣
ከታመመ አጠገብ ቁጭ ብሎ ያድራል።
ግን ሰዓዳ አትሰማውም።
ከንፈር ሲንቀሳቀስ ታያለች፣
ቀጥላ የእናቷን ፊት ታያለች፣
ከሁለቱ የትኛው እንደሚዋሽ ታውቃለች።

ሰኔ ሠላሳ ደርሶ መዝገቤን ስዘጋ፣
ሦስት ፋይል አገኘሁ የተኙ ከአቧራ ጋ።
በአንዱ ላይ ሰአዳ፣ በሌላው ሳዳ ናት፣
ሦስተኛው «ተጋላጭ ሕፃን» ብሎ ጽፎ
ጭራሽ ስም ነሥቷት።
አንዱ «ታካሚ» ይላል፣ አንዱ «እጩ ተማሪ»፣
አንዱ ማኅተም ብቻ፣ የለውም ተናጋሪ።
ግን የጦይባ አውራ ጣት በሦስቱም ወረቀት፣
ሐምራዊ ቀለም ነክታ
ለአንዲት ልጅ ሦስት ጊዜ የፈረመችበት።

ክር አመጣሁ።
ደንቡ አይፈቅድም፤ እያወቅሁ አሰርኳቸው፣ ሦስቱን አንድ ላይ።
«ልጅቱ አንድ ናት» ብዬ ጻፍኩ ከላይ።
ቁጥር አልሰጠኋትም።

ሐምሌ ላይ ተቀመጡ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፤
ይመር ከትምህርት፣ ሲስተር አመለወርቅ ከጤና፣
ሙህዲን ከሴቶችና ሕፃናት።
አንዱ ሲል «መመሪያ»፣ አንዱ ሲል «በጀት»፣
ሻይ ሦስቴ ቀዘቀዘ በሦስቱ ሰዎች ፊት።
በኋላ ሲስተሯ ስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣
«ክትባቷን የሰጠኋት እኔ ነኝ» አለች።
«እዚህ እጄ ላይ ነበረች።
ክንዷን አየሁ፤ ጆሮዋን አላየሁም።
አምስት ዓመት ቃል ያጣችው ከእኔ ጀምሮ ነው።»
ማንም አልመለሰም። ቆርቆሮው ብቻ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ትንሽ ነው፤
ትንሽነቱን እኔም እመሰክራለሁ።
ለክትባት የመጣ ሕፃን ዓይኑም ጆሮውም ይታያል፣
የታየው ለትምህርት በዚያው ሳምንት ይላካል፣
የባጃጁን ሙህዲን ይከፍላል፤
አንዳንድ ወር ይዘገያል።
ከትምህርት ቤቱ ጓሮ የኖራ መጋዘን ተጠርጎ
ኦ-ክፍል ሆነ፤ ግድግዳው እስካሁን ልብስ ያነጣል።
መምህርት ዝማም ከኮምቦልቻ መጣች፣
እሷም የማትሰማ፤
ልጆቹ «አዋቂም እንደኛ አለ ለካ» ብለው
አንድ ሙሉ ቀን ፊቷ ላይ ዋሉ።
አምስት ናቸው። አንዱ በጋሪ ወንበር ይመጣል፣
አንዷ ሰው ፊት አታይም፣ ጠጠር በቀለም ስትደረድር ትውላለች፤
የምትደረድረውን ግን ማንም እንዲነካ አይፈቀድም፣
ይመርም ቢሆን።

ትናንት ጦይባ መጣች፣ ደብዳቤ አልያዘችም።
ሰዓዳ መስኮቴ ሥር ቆማ
መዳፏን ደረቷ ላይ አሳረፈችና
ቀስ ብላ ወደ እኔ ዘረጋችው።
«ምን አለች?» አልኩ።
ጦይባ ሳቀች፦ «አብሽር ትልሃለች።»
መልሱን አላውቀውም።
«እስቲ ድገሚው» አልኩ በአፌ፣ ለማትሰማ ልጅ፣
ከዚያ አፈርኩና ድንጋዩን ለቀቅሁ፤
ለዚህ ነገር ሁለት እጅ ያስፈልጋል።
ነፋሱ አንድ ሁለት ወረቀት ይዞ ወጣ።
ይሂድ።